ከውኃ ተወልዶ በብርሃን የሚያጌጥ፤ በውኃ ተርብ ምሳሌ የቀረበ ትምህርት

ልዑል እግዚአብሔር ለሰው ልጅ የሚያነብባቸው ሁለት መጻሕፍት ሰጥቶታል። አንደኛው በብራና ላይ የተጻፈው ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው በሰማይና በምድር ገጽ ላይ የተዘረጋው ሥነ ፍጥረት ነው። የመጀመሪያውን ለማንበብ ፊደል መቍጠር፥ ከመምህር እግር ሥር መቀመጥ፥ ንባቡን አጥርቶ ወደ ትርጓሜው መግባት እንዲያስፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው ዓይን ካለኝ ይበቃኛል በማለት ቸል ይለዋል። ይሁን እንጂ ሥነ ፍጥረትም እንደ ብራናው ሁሉ አስቀድሞ ንባቡ፥ ቀጥሎም ትርጓሜው ሊጠና የሚገባው መጽሐፍ ነው። ንባቡን ሳያጠራ ወደ ትርጓሜ የሚሮጥ ተማሪ መምህሩን እንደሚያሳዝን፥ የፍጥረትን ጠባይ ሳይመረምር ምሳሌ የሚያበዛ ሰባኪም ሰሚውን ያስታል።

የቀደሙት አበው ይህን ሥርዓት ያውቁ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማራቸው 9 ድርሳናት ውስጥ ስለ ዓሣውና ስለ ወፉ፥ ስለ ንቡና ስለ ጕንዳኑ በሰፊው ተናግሮአል፤ የሐር ትል ከመልክ ወደ መልክ መለወጡንም ትንሣኤ ሙታንን ለሚጠራጠሩ ሰዎች ምሳሌ አድርጎ አቅርቦአል። ከጽርዕ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስም አንበሳንና ንስርን የመሳሰሉትን እያነሣ ያስተምራል። እኛም የእነርሱን ፍለጋ ተከትለን፥ በተራራ ወንዝ ዳር ስለሚገኝና ብዙዎቻችን እያየነው ሳናስተውለው ስለምናልፍ ስለ አንድ ታናሽ ፍጥረት እንናገራለን።

ንባቡ

በሰሜን ሸዋ፥ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው በወፍ ዋሻ ደን ሥር፥ ከገደሉ በምትወርድ አንዲት ጅረት ዳር ለጥቂት ጊዜ ዐርፈን ነበር። በውኃው ዳር በበቀለው ሣር ጫፍ ላይ አንድ ቀጭን ነገር ተቀምጦ አየን፤ በጥላው ውስጥ ሳለ የጥቁር ፈትል ቍራጭ ይመስል ነበር። ደመናው ገለል ብሎ ፀሓይ ባረፈበት ጊዜ ግን ያው ጥቁር ፈትል ሰማያዊ ሆኖ በራ፤ እኛም ጥቂት ዘወር ብለን ስናየው ወደ አረንጓዴ አደላ። ደመናው ሲመለስ እንደ ቀድሞው ጠቈረ። አብሮን የነበረ አንድ ተማሪ «የኔታ፥ ቀለሙን ማን ሰጠው፥ ማንስ ወሰደበት?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ከአንድ ተማሪ የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘነው መልሱን ለአንባብያን ሁሉ ልናቀርብ ወደድን።

ይህ ፍጥረት የውኃ ተርብ ይባላል። ስሙ ተርብ ይሁን እንጂ መንደፊያ የለውም፤ ሰውንም ከብትንም አይጐዳም። ወገኑ ሁለት ነው። አንደኛው ሰውነቱ ወፈር ያለ፥ ሲያርፍም 4ቱን ክንፎቹን ወደ ጐንና ወደ ጐን ዘርግቶ የሚቀመጥ ነው። ሁለተኛው እንደ መርፌ የቀጠነ፥ ሁለቱ ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ተራርቀው የተተከሉ፥ ሲያርፍም አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቹን በጀርባው ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ነው። እኛ የምንናገረው ስለዚህ ስለ ቀጭኑ ነው። በዓለም ላይ ዓይነቱ እጅግ ብዙ ሲሆን፥ በአገራችን ደጋ ካልሆነ በቀር በሌላ ምድር የማይገኝም አለ፤ ከእነዚህም አንዱን የነፍሳት መርማሪዎች በውጭ ሰዎች ዘንድ በቀድሞው የአገራችን ስም «ኢሽኑራ አቢሲኒካ» ብለው ሰይመውታል። ካርል ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. በአውሮፓ ወንዞች ዳር የሚያንጸባርቀውን አንዱን ዓይነት በላቲን ቋንቋ «ድንግል» ብሎ ጠራው። በዚያው በአውሮፓ ግን የአንዳንድ አገር ገበሬዎች ወፍራሙን ወገን «የሰይጣን መርፌ» እያሉ ልጆቻቸውን ያስፈራሩበት ነበር። ፍጥረቱ በራሱ ንጹሕ ሲሆን ሰው እንደ ልቡናው ስም ያወጣለታል።

የልደቱ ነገር ይበልጥ ያስደንቃል። እናቲቱ በውኃ ውስጥ ወይም በውኃ ዳር ያለውን የሣር አገዳ ሰንጥቃ እንቍላልዋን በውስጡ ታኖራለች። ከእንቍላሉ የሚወጣው ልጅ ክንፍ የለውም፤ መልኩም ጭቃ ወይም የረገፈ ቅጠል ይመስላል። በጅራቱ ጫፍ እንደ ቅጠል የተዘረጉ 3 መተንፈሻዎች አሉት፤ በእነርሱና በቆዳው አማካይነት በውኃው ውስጥ የተዋሐደውን አየር ይስባል። ከድንጋይና ከሥር መካከል እየዳኸ፥ ከእርሱ የሚያንሱትን እያደነ ይኖራል። ሲያድግ ቆዳው ስለሚጠበው 10 ጊዜ ያህል፥ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ቆዳውን ይገፍፋል። ይህ የተሰወረ ኑሮ እንደ ዓይነቱና እንደ ውኃው ሙቀት ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቈያል። ጊዜው ሲደርስ በአገዳ ላይ ወጥቶ ከውኃው ይለያል፤ የመጨረሻው ቆዳ በጀርባው በኩል ተሰንጥቆ ባለ ክንፉ ይወጣል። አሮጌው ቆዳ እንደ ወለቀ ልብስ በአገዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

በዚያ ቀን ግን ገና አላማረም። ሰውነቱ የለሰለሰ፥ መልኩ የነጣ፥ በረራውም ደካማ ነው። ከውኃው ራቅ ብሎ ቀናት ከቈየና ከጠነከረ በኋላ ቀለሙን ይዞ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ በዚያም ዘሩን ይተካል። ባለ ክንፍ ሆኖ የሚኖርበት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት የሚቈጠር ነው።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። ቍም ጸሐፊ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት በጥብጦ፥ ቀዩንም ለብቻው አዘጋጅቶ በብራናው ላይ ይጽፋል፤ ጨለማ ቢሆንም ብርሃን ቢሆንም ቀለሙ ከብራናው አይለይም። የውኃ ተርቡ የሚያንጸባርቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ግን እንዲህ አይደለም። ሰውነቱን ወቅጦ ያንን ሰማያዊ ለመጭመቅ የሚሞክር ሰው ሰማያዊ ቀለም አያገኝም። በቆዳው ውስጥ ከሰው ጠጕር ውፍረት ብዙ መቶ ጊዜ የሚያንሱ፥ እጅግ የሳሱ ንጣፎች ተደራርበው ይገኛሉ፤ በአንዳንዱም ዓይነት እንደ ጤፍ ቅንጣት የከበቡ፥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ነገሮች ተሰድረዋል። የፀሓይ ብርሃን በእነዚህ ላይ ሲያርፍ ከየንጣፉ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ ይገናኛል፤ አንዱ ኅብር በሌላው ይጠነክራል፥ ሌላው ይጠፋል፤ የጠነከረውም ወደ ዓይናችን ይመጣል። የሳሙና አረፋ፥ ወይም በውኃ ላይ የፈሰሰ ነጭ ጋዝ ኅብሩ ብዙ ሆኖ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሮበርት ሁክ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የጣዎስን ላባ በአጕሊ መነጽር እንደ መረመረና፥ ላባው በውኃ ሲርስ ያ ውብ ኅብሩ እንደሚጠፋ ጽፎአል። ይስሐቅ ኒውተንም በ1704 ዓ.ም. ስለ ብርሃን ባሳተመው መጽሐፍ፥ ነጭ መስሎ የሚታየው የፀሓይ ብርሃን የብዙ ኅብራት አንድነት መሆኑን አስረዳ፤ ይህም ሕዝባችን የማርያም መቀነት ብሎ በሚጠራው በቀስተ ደመና የሚታየው ነው። እንግዲህ ሰማያዊው አስቀድሞ በፀሓይ ብርሃን ውስጥ ነበረ፤ ታናሹ ፍጥረት ተቀብሎ መለሰው እንጂ አላመነጨውም። ሌላም የሚደነቅ ነገር አለ፤ ከሚያንጸባርቁት ንጣፎች ጋር፥ ወይም ከእነርሱ በታች፥ ጥቁር ቀለም ይገኛል። ጥቁሩ ትርፉን ብርሃን ስለሚውጠው ሰማያዊው ጠርቶ ይታያል፤ ጥቁሩ ባይኖር ኅብሩ ፈዝዞ በቀረ ነበር።

ትርጓሜው

ንባቡ ይህ ከሆነ ወደ ትርጓሜው እንግባ። የሥነ ፍጥረት መምህራን በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የተገኙት ፍጥረታት በልብ የሚሳቡ፥ በእግር የሚሽከረከሩ፥ በክንፍ የሚበሩ ተብለው በሦስት ወገን እንደሚከፈሉ ያስተምራሉ። ከእነርሱም ከውኃው ሳይወጡ የሚኖሩ፥ ወጣ ገባ የሚሉ፥ በርረውም የሚሄዱ አሉ፤ ይህም በሃይማኖት ለሚጸኑ፥ ለሚያመነቱና ጨርሰው ለሚለዩ ሰዎች ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። የውኃ ተርብ ግን በሕፃንነቱ በውኃ ውስጥ ይድሃል፤ ጊዜው ሲደርስ በእግሩ ወጥቶ በአገዳ ላይ ይቆማል፤ በመጨረሻም በክንፉ ይበራል። በርሮም አይቀርም፤ ዘሩን ለመተካት ወደ ተወለደበት ውኃ ይመለሳል። ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ከማየ ጥምቀት ተወልዶ ወደ ዓለም ይወጣል፤ በንግድም በሹመትም በትምህርትም ከፍ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ልጆቹን የሚወልድበት፥ ተስፋውንም የሚያኖርበት ያው የተወለደበት ውኃ ነው። ክንፍ ማውጣት ከውኃው መለየት አይደለም።

አንድም፥ በውኃው ውስጥ ያለው የተሰወረ ዘመን የተማሪ ቤት ምሳሌ ነው። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ በየደጁ ቍራሽ ለምኖ፥ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፥ ከቅኔ ቤት ወደ መጽሐፍ ቤት ሲዘዋወር ማንም አያየውም፤ ቢያየውም እንደ ጭቃ ይቈጥረዋል። ቆዳ እንደሚገፍፍ ሁሉ በየጉባኤው የቀድሞ ዕውቀቱ እየጠበበው ሌላ ይለብሳል። የተሾመበትም ቀን የደመቀበት ቀን አይደለም፤ ያን ጊዜ ገና ለስላሳ ነው። ስለዚህ አዲስ የተሾመውን ካህን ወዲያው ወደ ከባዱ ሥራ የሚገፋ አለቃ፥ ራሱም ወዲያው ሊያበራ የሚቸኵል ካህን፥ ክንፉ ያልደረቀውን ፍጥረት በነፋስ ላይ እንደ መወርወር ያደርጋሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት አዲስ አማኝ ፈጥኖ እንዳይሾም የመከረው በትዕቢት እንዳይወድቅ ነው።

አንድም፥ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ያበራው በተቀበለው ብርሃን ነው። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ከደብረ ሲና ሲወርድ ፊቱ ያበራ ነበር፤ እርሱ ግን ማብራቱን አላወቀም። ሕዝቡ አዩት እንጂ እርሱ ራሱን አላየም። ቅድስና ከውዳሴ ከንቱ የሚለይበት ምልክት ይህ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በመምህራን ስም ተከፋፍለው ይመኩ የነበሩትን የቆሮንቶስን ሰዎች ሲገሥጽ፥ ያላቸው ሁሉ የተቀበሉት እንደ ሆነ አሳስቦአቸዋል።

ይህን ወደ ራሳችን እንመልሰው። በመካከላችን ድምፁ ያማረ መሪጌታ አለ፤ ማኅሌት ሲቆም ምእመናን ከሩቅ ይመጡለታል። ቅኔው የሰላ ባለ ቅኔ አለ፤ ትርጓሜ የጠለቀ መምህር አለ፤ ስብከቱ ሕዝብን የሚያስለቅስ ሰባኪ አለ። ምስጋናው ሲበዛ ያ ኅብር ከውስጣችን የመነጨ ይመስለናል። ከመሰለንም በኋላ ከባልንጀራችን ጋር በመቀመጫ ስፍራ እንጣላለን፤ የእኛ ካባ ከእርሱ ካባ አነሰ ብለን እናዝናለን፤ ደቀ መዝሙራችን ከእኛ በልጦ ሲገኝ ልባችን ይቀዘቅዛል። ይህ ሁሉ ሰማያዊው የእኔ ነው ማለት ነው። ብርሃኑ አንድ ጊዜ ቢሰወር ግን የቀረነው ምንድር ነን? በጥላ ያለ ጥቁር ፈትል ነን። ድምፅ የሰጠው በጕንፋን ይወስደዋል፤ የቃል ጥናት የሰጠው በእርጅና ይመልሰዋል። በአንዳንዱ የውኃ ተርብ ዓይነት ሰማያዊው ኅብር ፍጥረቱ ሲሞት ይጠፋል፤ ሕይወት በውስጡ ያጸናው የነበረው ረቂቅ ሥርዓት ሥጋው ሲደርቅ ይፈርሳልና። ከጸጋ የተለየ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ልብሱና ማዕርጉ ይኖራል፥ ብርሃን የሚቀበልበት ውስጡ ግን ደርቆአል።

አንድም፥ ከኅብሩ በታች ያለው ጥቁር የትሕትና ምሳሌ ነው። ጥቁሩ ኅብሩን ያጠራዋል እንጂ አያበላሸውም። ኃጢአቱን የሚያውቅ፥ ከምን እንደ ተነሣ የማይረሳ ካህን የሚቀበለው ጸጋ ጠርቶ ይታያል፤ ትርፉን ውዳሴ ይውጠዋልና። ያለፈውን ጨለማውን የሚደብቅ ሰው ግን ብርሃኑም ይፈዝበታል። ንስሓ የገባው ሙሴ ጸሊም በሽፍትነት የኖረበትን ዘመን እያሰበ በትሕትና ይመላለስ እንደ ነበር ታሪኩ ይመሰክራል።

ሆኖም ምሳሌ ሁልጊዜ ከሚመሰልለት ነገር ያንሳል፤ ስለዚህ ወሰኑን ልንናገር ይገባል። የውኃ ተርብ ቅዱስ አይደለም፤ ትንኙንና ዝንቡን አድኖ የሚበላ፥ ወንዱም ከወንዙ ዳር ድርሻውን ለመጠበቅ ባልንጀራውን የሚያባርር ፍጥረት ነው። ደግሞም ፍጥረቱ ኅብሩን የሚቀበለው ሳይመርጥ ነው፤ ሰው ግን ለብርሃን ፊቱን ማዞርም መሸሽም የሚችል ነጻ ፈቃድ ያለው ነው። ስለዚህ ለእርሱ ተፈጥሮ የሆነው ለእኛ ተጋድሎ ነው። ምሳሌውን ለትምህርት እንጠቀምበት እንጂ ፍጥረቱን ከመጠን በላይ አናክብር።

ተግባሩ

ትርጓሜ ያለ ተግባር ባዶ ነው። ከላይ እንዳየነው ይህ ፍጥረት ሁለት ባለ ዕዳነት አለበት፤ አንዱ ለብርሃን፥ ሁለተኛው ለውኃ ነው። ብርሃንን ማንም ሊያበላሸው አይችልም፤ ውኃን ግን እጃችን ያበላሸዋል። ልጁ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ ባለው አየር ስለሆነ፥ የሳሙናና የእድፍ ብዛት ውኃውን ሲያከፋው፥ ከተራቈተው ተራራ የተጠረገው አፈርም የወንዙን ድንጋይ ሲሸፍነው፥ ብዙዎቹ ዓይነቶች ይጠፋሉ። ጥቂቶቹ ድፍርስ ውኃን ይታገሣሉ፤ በጥላ ሥር በሚወርድ ንጹሕ ጅረት ብቻ የሚኖሩት ግን ቀድመው ይሄዳሉ። ስለዚህ የተፈጥሮ መርማሪዎች የወንዝን ጤንነት ለማወቅ እነዚህን ፍጥረታት እንደ ምስክር ይቈጥሩአቸዋል። በወንዙ ዳር የሚበራ ኅብር ከጠፋ፥ ያንኑ ውኃ የሚጠጡ የመንደሩ ሕፃናትም በአደጋ ላይ ናቸው።

ይህ ነገር ቤተ ክርስቲያንን በቀጥታ ይመለከታል። በሰሜኑ ደጋ ከተረፈው የአገር በቀል ደን ብዙው የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ ጥዱንና ወይራውን፥ ዋንዛውንና ብሳናውን ያቈዩልን አባቶቻችን ናቸው። ጠበሎቻችን የሚፈልቁት ከዚሁ ጥላ ሥር ነው። በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ታቦታቱን አጅበን ወደ ወንዝና ወደ ባሕረ ጥምቀት እንወርዳለን፤ ውኃውን እንባርካለን፤ ሕዝቡ ይረጭበታል፥ ይጠመቅበታል። በማግሥቱ በዚያው ስፍራ የላስቲክ ከረጢትና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተበትኖ ይታያል። በዓመት አንድ ቀን የባረክነውን ውኃ በቀሩት ቀናት ብናረክሰው ባርኮታችን ምን ምስክር ይኖረዋል?

ስለዚህ ወንድሞቻችን ካህናትና ወገኖቻችን ምእመናን ሆይ፥ ከአቅማችን በላይ ያልሆነውን እናድርግ። ከምንጭ ራስና ከጠበል አጠገብ ያለውን አገር በቀል ዛፍ አንቍረጥ፤ በስፍራውም ውኃ የሚያደርቀውን ባሕር ዛፍ አንትከል። ልብስ የሚታጠብበትን ስፍራ ከመጠጫውና ከጠበሉ በታች እናድርግ፤ እጣቢውም ከወንዙ ራቅ ብሎ በመሬት ላይ ይፍሰስ። የሰበካ ጉባኤ ከበዓለ ጥምቀት በኋላ የጽዳት ቀን ይወስን፤ አለቃውም ከወጣቶቹ ጋር ወርዶ ይልቀም። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን አንዳንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ዳር ወስደው ሥነ ፍጥረትን ከመጽሐፉና ከፍጥረቱ አገናኝተው ያስተምሩአቸው፤ በዓይን የታየ ትምህርት ከልብ አይጠፋምና።

እንግዲህ ለዚያ ተማሪ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ቀለሙን የሰጠው ብርሃን ነው፥ ብርሃኑንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ጥላ ሲመጣ ቀለሙ የተሰወረው የእርሱ የግል ገንዘብ ስላልነበረ ነው። እኛም ከውኃ የተወለድን፥ በብርሃን የምናጌጥ፥ ሁለቱንም ያለ ዋጋ የተቀበልን ነን። የተቀበለ ሰው አይመካም፤ የተቀበለውንም አያረክስም። ብርሃኑን እንድንቀበል ፊታችንን ወደ እርሱ የሚመልስ፥ ውኃውንም እንድንጠብቅ ልቡና የሚሰጥ ቸሩ አምላካችን፥ በረከቱን ለሁላችን ያድለን፤ ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለም፤ አሜን።